አምስተኛ የማያስገባው ሾፌር

በሰፈራችን ነጎዴን የማያውቅ የለም። ነጎድጓድ ከሚለው የተቆረጠ ነው። እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚያውቁት እህቱ፣ ሚስቱና መንጃ ፈቃዱ ብቻ ናቸው። ቅጽል ስሙን ያመጣችበት መኪናዋ ናት፤ ፊትም ኋላም ጎማዋ የሚጎትት፣ ኮፈኗ እንደ ጠረጴዛ የሰፋ፣ ዕድሜዋ ከኔ ትዳር የሚበልጥ የናፍጣ መኪና። ከአውራ ጎዳናው ወደ እኛ የሚያስገባው መታጠፊያ ጋ ሳትደርስ ጩኸቷ ቀድሞ ይደርሳል። ያን ጊዜ ልጅ ያስተኛች እናት በሯን ትዘጋለች፤ ስልክ የሚያወራ ሰው «ቆየኝ፣ ነጎዴ ይለፍ» ይላል።

እኔ ከግቢያቸው ፊት ለፊት ነው የምኖረው። የምነግራችሁን ግማሹን እህቱ አጥር ተደግፋ ነገረችኝ፣ ግማሹን እሱ ጎማ ቤት ተቀምጠን ነገረኝ፣ ትንሹን ደግሞ በዓይኔ አይቻለሁ። ሲነግሩኝ እሱ እሷን «ያቺ ሴትዮ» እያለ፣ እሷም እሱን «ያ ሰውዬ» እያለች ነው። የአንድ እናት ልጆች መሆናቸውን የማያውቅ ሰው የፍርድ ቤት ባላጋራዎች ናቸው ቢል አይፈረድበትም።

አባትየው ፓምፕ ጠጋኝ ነበሩ። ከእርሻ እርሻ እየዞሩ ከወንዝና ከጉድጓድ ውሃ የሚስቡ ፓምፖችን ሲጠግኑ የኖሩ፣ ሲያስነጥሱ እንኳ ሰው የሚሰድቡ የሚመስሉ ቁጡ ሰው። ሙያቸውን ለልጆቻቸው እንደ ዳቦ ለሁለት ገመሱት፤ ለትልቋ ለሴቲቱ ፓምፑን፣ ለታናሹ ለወንዱ መሪውን። እሷ ዓይኗን ጨፍና ፓምፕ ትፈታለች፤ መኪና ግን ከቆመበት ክንድ አታንቀሳቅስም። እሱ በጭቃም በአሸዋም ይነዳል፤ ቡሎን ግን በየት በኩል እንደሚዞር ይጠፋዋል። አባትየው ሊሞቱ ሲሉ የተናገሩት «መኪናዋ የሁለታችሁ ናት» የሚል ብቻ ነው። ነጎዴ ይህን ሲያነሳ «ጠላት እንኳ እንዲህ አድርጎ አይረግምም» ይላል። እውነቱን ነው። ያለ እሷ የሚሄድበት የለውም፤ ያለ እሱ የምትደርስበት የላትም። እናም ዕድሜያቸውን በሙሉ በሁለት ወንበር ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ ዓይንና ናጫ ሆነው ተመላለሱ።

የማይጣሉበት ነገር የለም። መስኮት ይከፈት ይዘጋ ይጣላሉ። በአቋራጭ መንገድ ይጣላሉ። እሷ «ቀስ በል» ካለች እሱ ነዳጅ ይረግጣል፤ እሱ «ቸኩዪ» ካለ እሷ የመፍቻ ሳጥኗን እንደገና መደርደር ትጀምራለች። ባለ እርሻዎቹ ምሳ ሲያቀርቡላቸው አንዱን ከጥላው፣ ሌላውን ከበረንዳው ማስቀመጥ ለምደዋል። «እታለም» ብሎ ከጠራት ሊያናድዳት ነው፤ ከልቡ ሲናደድ «አንቺ» ብቻ ነው።

ግን ይህን ሰው መሪ ላይ ማየት ነው። ከመኪናዋ ሲወርድ ትከሻው ይወርዳል፣ አንገቱ ያጥራል፣ ሱቅ ሄዶ ስኳር መግዛት እንኳ ያሳፍረዋል። ሲወጣባት ሌላ ሰው ነው። ሚስቱ ዝምተኛ ሴት ናት፤ አንድ ቀን ልብስ እያሰጣች «ወይ እኔን ወይ መኪናዋን ምረጥ ብዬው አላውቅም» አለችኝ። «ለምን?» ብላት፣ «መልሱን ስለማውቅ» አለችና መቆንጠጫዋን አፏ ውስጥ መልሳ ከተተች።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ። ባለፈው ዓመት መኪናዋ አንድ ዳገት ላይ ካምቢዮዋ፣ ማርሾቹ ያሉበት ሳጥን ማለቴ ነው፣ ተሰብሮ ተጎትታ ገባች። በዚያው ሰሞን ነጎዴን ወገቡ ጣለው። እሱ አልጋ ላይ ሳለ እህትየው ሳትጠይቀው ጋራዥ አስገባቻት። ለአሮጌው ካምቢዮ መለዋወጫ አይገኝም ተባለ። የመጀመሪያው ባለ አራት ማርሽ ነበር፤ ባለ አምስት ገጠሙላት።

ወገቡ ተሽሎት የወጣ ዕለት ነጎዴ በሩን ከፍቶ ገባ፣ ተቀመጠ፣ እጁን ማርሹ ላይ አሳረፈ፣ ከዚያ እጁን እንደ ተቃጠለ ሰው አነሳ።

«ይሄ የማነው?»

«ያንተ ነው» አለችው ከውጭ ቆማ።

«የኔ አራት ነው ያለው።»

«አሁን አምስት ነው። አምስተኛው ለአውራ ጎዳና ነው። ሞተሩ ረጋ ብሎ እየዞረ ጎማው ይሮጣል።»

«ሞተር ረጋ ካለ ታሟል ማለት ነው።»

«ወይ ጠቢቡ!»

«አንቺ ድሮም እንቅልፋም ነገር ትወጃለሽ። ባልሽንም የመረጥሽው ለዚሁ ነው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጦርነት ሆነ። ነጎዴ አምስተኛን አላስገባም። መንደር ውስጥ፣ ጠጠር መንገድ ላይ፣ ማንም ልብ አይልም፤ አራት ማርሽ ይበቃል። አውራ ጎዳና ላይ ነው ጉዱ። ለማይነዳ ሰው ላስረዳ፤ በዝቅተኛ ማርሽ መሮጥ ማለት በአጫጭር እርምጃ መሮጥ ማለት ነው፤ እግርህ ይፈጥናል፣ ትንፋሽህ ይቆረጣል፣ መንገዱ ግን እምብዛም አይገፋም። ነጎዴ መኪናዋን በዘጠና ኪሎ ሜትር ፍጥነት በአራተኛ ይነዳታል። ሞተሩ በደቂቃ ሦስት ሺህ አራት መቶ ዙር ይዞራል። አምስተኛ ቢያስገባ በዚያው ፍጥነት ሁለት ሺህ ሰባት መቶ ይበቃው ነበር። ለእንዲህ ያለ አሮጌ የናፍጣ ሞተር ይህ በማረፍና በመንገላታት መካከል ያለ ልዩነት ነው።

እህትየው ቁጥሩን ከየት አመጣች ካላችሁ፣ እንዲህ ናት እሷ። መኪናዋ ዙር ቆጣሪ አልነበራትም። ከወዳደቀ የጭነት መኪና አንድ ዙር የሚቆጥር ሰዓት ፈትታ አመጣችና ዳሽቦርዱ ላይ ገጠመችው፤ ፊቱን ወደ ሾፌሩ ሳይሆን ወደ ራሷ አዙራ! ነጎዴ በነጋታው የዘይት ጨርቅ ጣለበት። ጨርቁን በመስኮት ወረወረችው። ሌላ ጣለበት። በመጨረሻ ተወው፤ ያን ጊዜ እሷ ጮክ ብላ ማንበብ ጀመረች።

«ሦስት ሺህ ሁለት መቶ! ሦስት ሺህ አራት መቶ!»

«ቁጥር ከወደድሽ ሎተሪ አዙሪ!»

«ምን አልክ? አይሰማኝም!»

«ሎተሪ አዙሪ ነው ያልኩት!»

እንዲህ እየተጯጯሁ ይሄዳሉ፣ እንዲህ እየተጯጯሁ ይመለሳሉ። እሷ ማታ ማታ ጆሮዋ ውስጥ ሲጮህባት ታድራለች። ስለ ጆሮዋ ግን ለእሱ ነግራው አታውቅም፤ «ደስ እንዲለው ነው?» አለችኝ።

አንድ ቀን እኔ መሰላል ልዋስ ግቢያቸው ገብቼ ነበር። ፀሐይ ልትጠልቅ ትንሽ ቀርቷታል። መኪናዋ መሃል ግቢ ቆማ ሞተሯ ገና ይተነፍሳል። እህትየው ኮፈኑን ከፍታ ዘይቱን እያየች ነው። አጠገቧ አማቿ፣ የልጇ ባል፣ ቆሟል። ታክሲ ነጂ ነው፤ ሸሚዙን ተኩሶ የሚለብስ፣ ጥቁር መነጽሩን ደመና ሲሆንም የማያወልቅ ልጅ። በዚህች መኪና ዓይኑ ከተያዘ ቆይቷል።

«ዘይት እየበላች ነው» አለች እህትየው። «ሞተሯን እየገደልካት ነው።»

ነጎዴ ደረጃው ላይ ተቀምጦ ጫማውን ይፈታል። «ዘይት ያልበላ ሞተር ምን ይበላ?»

አማቹ ጣልቃ ገባ። «ጋሼ፣ ሞተር እኮ እንደ ሰው ነው። ይደክመዋል።»

«አንተን ማን ጠየቀህ? የሻይ ማንኪያ የምታህል መኪና እየነዳህ ለኔ ስለ ሞተር ታወራለህ?»

«እኔማ አምስተኛ አስገባለሁ ብዬ ነው።»

«አንተ ያላስገባኸው ምን አለ? እህቴ ቤትም ገብተሃል።»

እህትየው ኮፈኑን ጣለችው፤ ድምፁ ግድግዳውን መታ። እጇን በጨርቅ እየጠረገች ነጎዴ ፊት ቆመች።

«ስማኝ። ነገ አትክልት እርሻው ጋ ፓምፕ አለብን። ሄደን እስክንመለስ፣ አውራ ጎዳናው ላይ አንድ ጊዜ አምስተኛ ካስገባህ መሪው እስክትሞት ድረስ ያንተ ነው። ስለ ማርሽም ዳግመኛ አፌን አልከፍትም። ካላስገባህ ግን ቁልፉን ለዚህ ልጅ ትሰጣለህ። እምቢ ካልክ ፓምፕ መፍታት አቆማለሁ፤ ባዶ መኪና ይዘህ ዙር።»

«በአባቴ መኪና?»

«በአባታችን መኪና።»

ነጎዴ እኔን አየኝ፣ አማቹን አየው፣ ሳቀ። «ማስገባትማ ምን አለው? ስላልፈለግኩ ነው እንጂ።»

«እንግዲያው ነገ ፈልግ።»

ቁልፉን ኪሱ ከተተ። እጁ ግን ኪሱ ውስጥ ቆየ፣ ቁልፉን ጨብጦ። መሰላሉን ሳልወስድ ወጣሁ።

በነጋታው ጠዋት ተነሡ። ይህን ከሁለቱም ሰምቼዋለሁ፤ በስድቡ ብዛት ካልሆነ በቀር ቃላቸው አይለያይም። አውራ ጎዳናው ከከተማው ድልድይ ወዲያ ቀጥ ብሎ ይዘረጋል፤ ግራና ቀኙ ሜዳ ነው። ነጎዴ አራተኛ አስገባ። ሰባ ደረሰ፣ ሰማንያ፣ ዘጠና። ሞተሩ መጮህ ጀመረ። እሷ ሰዓቱን ታያለች እንጂ ያን ዕለት አላነበበችም፤ ክንዷን አጣምራ እጁን ብቻ ትጠብቃለች።

ፍሪሲዮን ረገጠ። ማርሹን ከአራተኛ አወጣው። እጁ ወደ ቀኝ ትንሽ ሄደች። ቆመች። ተመለሰችና አራተኛን መልሳ አስገባች።

«ከፊቴ መኪና ነበር» አለ።

ከፊቱ መኪና አልነበረም።

ወደ ሌላ ቀጥ ያለ ስፍራ ሲደርሱ እንደገና ሞከረ። እንደገና እጁ መንገድ ላይ ቆመች፣ እንደገና ተመለሰች። ከኋላ የመጣ አውቶቡስ ጡሩምባውን ነፍቶ አለፋቸው። በዚህ ተናደደና ነዳጁን ይበልጥ ረገጠ፤ ዙሩ ሦስት ሺህ ስምንት መቶ ገባ። ፀሐዩም ጠንክሯል። ብዙም ሳይሄዱ የሙቀት መርፌዋ ወደ ቀዩ ወጣች።

«ቁም!» አለች። «ራዲያተሩ ሊፈላ ነው! ቁም አንተ!»

መንገድ ዳር፣ አንድ ውሃ ማፋሰሻ ቱቦ አጠገብ ቆመ። ኮፈኑን ከፈቱት። ሁለቱም ወረዱ፤ አንዱ በግራ ጎማ፣ ሌላዋ በቀኝ ጎማ በኩል ቆሙ።

«ሁለት ጊዜ ጀምረህ ሁለት ጊዜ ተውከው» አለችው በሞተሩ ላይ አሻግራ።

«ምኑን?»

«እጅህን አይቼዋለሁ።»

«መንገዱ አልተመቸኝም።»

«መንገዱ እንደ መዳፍ የተዘረጋ ነው! ትፈራለህ።»

«ማን? እኔ? ከገደል አፋፍ ላይ ወደ ኋላ የነዳሁትን ሰውዬ?»

«እሱን ትችላለህ። አምስተኛን ግን ትፈራለህ። ለምን?»

ነጎዴ ጠጠር አንስቶ ወደ ሜዳው ወረወረ። ሌላ አነሳ። ከዚያ ፊቱን ሳያዞር፣ «እጄ አይሄድም» አለ።

«አይሄድም ማለት ምንድን ነው?»

«አይሄድም ማለት አይሄድም ነው! ያ ቦታ የኋላ ማርሽ ነው!»

«ነበር።»

«ላንቺ ነበር! ለእጄ አሁንም ነው!»

ነገሩ እንዲህ ነው። በአሮጌው ካምቢዮ የኋላ ማርሽ የሚገባው ወደ ቀኝ ተወስዶ ወደ ፊት ሲገፋ ነበር። በአዲሱ ያ ቦታ የአምስተኛ ሆኗል። አባትየው ልጃቸውን መንዳት ሲያስተምሩ አንድ ቺያቬ፣ ረጅም የብረት መፍቻ፣ ጭናቸው ላይ ያስቀምጡ ነበር። መኪናዋ እየሄደች እጁ ወደ ቀኝ ካዘነበለች በዚያ ብረት የእጁን ጀርባ ይመቱታል። «ወደዚያ የሄደች እጅ የማርሽ ጥርስ ትፈጫለች!» ይሉታል፤ ደግመው ይመቱታል። የተማረው እንዲያ ነው። በደንብ ተማረ።

እህትየው ይህን ታውቃለች። ያኔ ከኋላ ወንበር የመፍቻ ሳጥኑን አቅፋ ትቀመጥ ነበር። ታውቀዋለች እንጂ ከዚህ ጋር አገናኝታው አታውቅም ነበር። አሁን ገጠመላት፤ ሲገጥምላት ደግሞ ሳቀች።

«ሳቅ መጣብኝ፣ ምን ላድርግ?» አለችኝ። «ጢሙ ሸብቶ ካባቱ ብረት ይሸሻል! ሳቅኩ። መንገዱ ዳር ካለው ድንጋይ ላይ ተቀምጬ፣ ሆዴን ይዤ ሳቅኩ።»

ነጎዴ እስክትጨርስ ጠበቃት። ከዚያ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ ተናገረ፤ ሞተሩ ጠፍቶ ስለነበር ሰማችው።

«ያኔም ስቀሻል። ከኋላ ተቀምጠሽ፣ በተመታሁ ቁጥር ትስቂ ነበር።»

«ልጅ ነበርኩ።»

«አሁንስ? ባልሽ ከሞተ ወዲህ በርሽን የሚያንኳኳ ሰው ለምን እንደጠፋ ታውቂያለሽ? ሰው ሲወድቅ ስለምትስቂ ነው።»

ሳቋ ቆመ። ተነሳች፣ ቀሚሷን አራገፈች፣ የሙቀት መርፌዋን በመስኮት አጎንብሳ አየች።

«በርዷል» አለች። «ንዳ።»

ከዚያ እስከ እርሻው በአራተኛ ሄዱ። ሞተሩ ብቻውን ጮኸ።

የአትክልት እርሻው ፓምፕ ከወንዙ ዳር በግማሽ መሬት ውስጥ በተቀበረ ትንሽ ቤት ውስጥ ነው። ባለ እርሻው አወረዳትና ወደ ቲማቲሙ ተመለሰ። ኩሽኔታው፣ ዘንጉ የሚዞርበት ቀለበት፣ አልቆ ነበር። ፈታችው፣ አወጣችው፣ አዲሱን ገጠመች። ለእሷ ይህ ቀላል ሥራ ነው። ከፊቷ እንደ መጽሐፍ የጠበበች መስኮት አለች፤ በዚያ በኩል መኪናዋ ፀሐይ ላይ ቆማ ትታያለች።

ነጎዴ ውስጥ ተቀምጧል። መስኮቶቹን በሙሉ ዘግቷል፤ በዚያ ሙቀት! ትከሻው ሲንቀሳቀስ ታያለች። ሞተሩ ጠፍቷል። ፍሪሲዮን ይረግጣል፣ ማርሹን ያወጣል፣ ወደ ቀኝ ይወስዳል፣ ወደ ፊት... እና እጁን ይሰበስባል። ደረቱ ላይ ይይዛታል። ግራ ቀኝ ያያል፣ ሰው አይቶት እንደሆነ። እንደገና ይጀምራል።

«አዘንሽለት?» አልኳት።

«አልዋሽህም፣ ይበለው አልኩ። ምን ያለ ቃል ተናግሮኝ ነው የማዝንለት?»

ግን ያን ዕለት ሥራዋን በአንድ ሰዓት ጨርሳ መውጣት ስትችል እስከ ቀትር በኋላ እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ቆየች። የፓምፑን ክዳን ገጥማ ስታበቃ ቡሎኖቹን አንድ በአንድ ፈታች፣ ክዳኑን አወጣች፣ ጠረገችው፣ እንደገና ገጠመችው። ለምን ብላት ተቆጣችኝ። «ማሸጊያው አላማረኝም ነበር! ሥራዬን አንተ ልታሳየኝ ነው?» አለችና አጥሩን ለቃ ሄደች። እኔ ደግሞ የማውቀውን አውቃለሁ፤ ይህች ሴት አንድ የገጠመችውን ደግማ ፈትታ አታውቅም።

ስትወጣ ነጎዴ መስኮቶቹን ከፍቶ፣ ላቡን ጠርጎ፣ ጥርሱን በክብሪት እንጨት እየጎረጎረ ነው። «ምን ስትሠሪ ከረምሽ? እንቁላል ታቀፍሽ?» አላት። እሷ ገባች።

አውራ ጎዳናው ላይ ወጡ። ፀሐይ ከኋላቸው ሆነ፤ መንገዱ ከፊታቸው ጠራ። ሁለተኛ፣ ሦስተኛ፣ አራተኛ። ሰማንያ። ዘጠና። ሞተሩ ያን የተለመደ እሪታውን ያዘ። ነጎዴ መሪውን በግራ እጁ ጨበጠ። ፍሪሲዮን ረገጠ። እሷ እንደምትለው ዓይኑን ጨፍኗል፤ እሱ እንደሚለው ፀሐይ በኋላ ማሳያ መስታወቱ አብርቶበት ነው። እጁ ወደ ቀኝ ሄደች። ቆመች። ከዚያ እንደ ተገፋ ሰው ወደ ፊት ሄደች።

ገባ።

ፍሪሲዮኑን ሲለቀው ትከሻው ጆሮው ጋ ደርሶ ነበር፤ የጥርስ መፈጨት ድምፅ ይጠብቃል። የተፈጨ ነገር የለም። መርፌዋ ወደ ሁለት ሺህ ሰባት መቶ ወርዳ ቆመች። ሞተሩ አጉረመረመ እንጂ አልጮኸም። እና፣ ሁለቱም እንደሚሉት፣ በዚያች መኪና ውስጥ ሰምተውት የማያውቁት ነገር ሁሉ ይሰማ ጀመር። የመፍቻ ሳጥኑ ውስጥ አንድ ቡሎን ይንኳኳል። የበሩ ጎማ ያፏጫል። የእሱ ትንፋሽ ይሰማል። የእሷም። ነጎዴ አንድ ጊዜ በአፉ አየር አስገብቶ ቀስ ብሎ አስወጣው። እጁን ከማርሹ ላይ አነሳና ጀርባዋን አየት አደረገ፤ ከዚያ ጭኑ ላይ አስቀመጣት።

እንዲህ ሆነው ጥቂት ሄዱ። ደህና ነበር። እሷ ራሷ «ደህና ነበር» አለችኝ። «አፌን ብዘጋ ምን ነበረበት?»

አልዘጋችም።

«እህህ! ለዚህች ነው እንግዲህ ዓመት ሙሉ ጆሮዬን ስትደበድበው የኖርከው? ልጅ እንኳ የሚያስገባት ነገር!»

ነጎዴ ዞሮ አያት። ፊቱ ላይ የነበረው ሁሉ ተዘጋ።

«ምን ብለሽ ነበር ትናንት?»

«ምን አልኩ?»

«ካስገባህ ስለ ማርሽ ዳግመኛ አፌን አልከፍትም። በሰው ፊት። አላልሽም?»

እሷ ዓይኗን ወደ ሰዓቱ መለሰች።

«እኔ አስገባሁ። አንቺ አልዘጋሽም። ጨረስን!» ፍሪሲዮኑን ረገጠና ማርሹን ወደ አራተኛ መለሰው። ሞተሩ እሪ አለ። ሦስት ሺህ አራት መቶ! «ይሄ ድምፅ ለምን እንደሚመቸኝ ልንገርሽ?» ብሎ ጮኸ። «አንቺ አትሰሚኝም! እኔም አልሰማሽም! ዕድሜዬን ያረዘመው ይሄ ነው!»

«ሞተሩ ይሞታል!»

«ይሙት! አብረን እንቀበራለን!»

እልህ ምላጭ ያስውጣል ይላሉ፤ ያን ዕለት አንድ ሞተር አስዋጠ። እስከ ሰፈር ድረስ በአራተኛ አመጣት።

እኔ በሬ ላይ ነበርኩ። አማቹ ደግሞ ግቢው በር ላይ ቆሟል፤ ሸሚዙን ቀይሯል፣ መነጽሩን ጠርጓል። ጩኸቱ ገና ከመታጠፊያው ሲሰማ ወደ እኔ ዞሮ ፈገግ አለ። «አላስገባም፣ ጋሼ። ሰማህ?» እጁን ለቁልፉ ማዘጋጀት ብቻ ነበር የቀረው።

መኪናዋ ገባች፣ ቆመች። እህትየው ወረደች። ጆሮዋን በመዳፏ ትጫነዋለች። አማቹ ወደ ሾፌሩ በር ሲሄድ ጠራችው።

«ወዴት ነው?»

«ቁልፉን ልቀበል ነዋ፣ እማማ።»

«ተመለስ። አስገብቷል።»

«እንዴ! እየሰማሁት? ይሄ እኮ አራተኛ ነው!»

«አስገብቷል አልኩህ። አንድ ጊዜ ነው ያልኩት፤ አንድ ጊዜ አስገባ።» ቀጥሎ ያለውን ለመናገር ጥርሷን ነከሰች። «ቃሌን ያላከበርኩት እኔ ነኝ። መሪው የሱ ነው። ሂድ ታክሲህን እጠብ።»

ነጎዴ በመስኮቱ ክርኑን አውጥቶ ተቀምጧል። የድል ፊት አልነበረም የያዘው። ግን አማቹ አንገቱን ደፍቶ ሲያልፍ፣ «በል ልጄ፣ የሻይ ማንኪያዋን ቆልፋት፤ ከስኳር ዕቃው ጋር እንዳትጠፋ» አለው። ቁልፉን ነቀለና ኪሱ ከተተ።

በነጋታው ጠዋት ሌላ እርሻ ነበረባቸው። እኔ ወደ ሥራ ልወጣ ስል መኪናዋ ከግቢ ስትወጣ ደረስኩ። እህትየው በወንበሯ ላይ ቀጥ ብላ ተቀምጣለች፤ ጆሮዋ ውስጥ ጥጥ ከታለች። ነጎዴ መንገዱ ጠርዝ ላይ ሞተሩን አስጓራና ወደ እሷ ዘንበል አለ።

«ምን አልሽ?» ብሎ ጮኸ።

«ምንም አላልኩም!»

«እንደሱ ነው!» አለና ለቀቃት።